መብራት ሲያንስ ማን ይጨልምበት?

ኩዌት ውስጥ መብራት ይጠፋል ብላ ያሰበች ሴት ከመካከላችን የነበረች አይመስለኝም። አገር ቤት ስንደውል «መብራት አለ?» ብለን የምንጠይቀው እኛ ነበርን። እዚህ የምናየው ቀኑን ሙሉ ሙከየፍ ሲያጓራ፣ ሰው የሌለበት ሳሎን ሲበራ፣ በዓመት አንዴ የሚከፈት የእንግዳ ክፍል ሲቀዘቅዝ ነው። ከዚያ እ.ኤ.አ. ጁን 2024 ሙቀቱ ከፋ፣ የሚመነጨው ኃይል ለሚፈለገው አልበቃ አለ። የመብራትና የውኃ ሚኒስቴሩ በቀኑ ሙቀት ሰዓት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት የሚቋረጥባቸውን ሰፈሮች ስም አወጣ። ዝርዝሩ በየስልኩ ዞረ። ማዳሞች እየተደዋወሉ «የእናንተ አለበት? የእኛ የለበትም» ይባባሉ ነበር። በ2025 አፕሪልም፣ ዋናው በጋ ገና ሳይገባ፣ አንዳንድ ማመንጫዎች ለጥገና በቆሙበት ጊዜ ያው ነገር ተደገመ። ያን ጊዜ የፋብሪካና የእርሻ አካባቢዎችም ዝርዝሩ ውስጥ ገብተው ነበር።

እኔን ያስገረመኝ መጥፋቱ አይደለም፤ በመጥፋትስ የሠለጠንን ሰዎች ነን። ያስገረመኝ ዝርዝሩ ነው። አንድ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው «ይሄኛው ሰፈር ይጥፋበት፣ ያኛው ይቆይ» ብሎ ጽፏል ማለት እኮ ነው። በምን ሚዛን መዝኖ? ጥያቄው የመሐንዲስ ይመስላል። ግን መሐንዲስ የትኛው መስመር እንደተጨናነቀ ይነግርሻል እንጂ ማን መጨለም እንዳለበት አይነግርሽም። ያ የፍርድ ጥያቄ ነው። ፍርድ ከሆነ ደግሞ ዳኛው ማነው ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

በመጀመሪያ የሚመጣልን መልስ «ሁሉም እኩል ይካፈለው» የሚል ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። ነገር ግን አንድ ሰዓት ጨለማ ለሁሉም ሰው አንድ ሰዓት አይደለም። እዚህ አገር መብራት ጠፋ ማለት ጨለማ ማለት ሳይሆን እሳት ማለት ነው። በረሃ ውስጥ ያለችው ሚትሪባ በ2016 ጁላይ 53.9 ዲግሪ ተለክቶባታል፤ በዓለም ላይ በመሣሪያ ከተመዘገቡት ትልልቅ ሙቀቶች አንዱ ነው። እንዲህ ባለ ቀን ወፍራም ግድግዳ ያለው ቪላ ለሁለት ሰዓት ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል። ጣሪያ ላይ የተሠራች የሠራተኛ ክፍል ግን በሩብ ሰዓት ምጣድ ትሆናለች። የኦክስጅን ማሽን የተገጠመላቸው ሽማግሌ ያሉበት ቤትም አለ፤ እሳቸውን የምትጠብቀው ከእኛው አንዷ ናት። አገር ቤት ደግሞ መብራት ጠፋ ማለት የተቦካ ሊጥ መኮምጠጥ፣ እህል ወፍጮ ቤት ማደር፣ ለፈተና የሚያጠና ልጅ ዓይኑን በኩራዝ ጭስ ማቃጠል ነው።

ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ሥነ ዜጋ ስንማር እኩልነትና ፍትሕ ለየብቻ ምዕራፍ ነበራቸው። ያኔ ለምን ሁለት ቦታ እንደተከፈሉ አልገባኝም ነበር፤ ለፈተና የሚሸመደድ ገጽ ለማብዛት ይመስለኝ ነበር። አሁን ይገባኛል። እኩል አካፍሎም መበደል ይቻላል።

ይህን የሚያውቅ አሠራር አገራችን ውስጥ አለ፣ ብዙዎቻችሁም ታስታውሱታላችሁ። በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከፍተኛ ኃይል የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች ማሽናቸውን እንዲያቆሙ በሬዲዮ ይለመናሉ። ለምን? የዶሮ ወጡ እንዲደርስ። ፋብሪካው ለአገር ገንዘብ ያስገባል፣ ዶሮ ወጥ አያስገባም፤ ግን በዚያች ሌሊት ዶሮ ወጥ ይበልጣል ተብሎ ተፈርዷል። እኔ ይህን ፍርድ እወደዋለሁ። የምወደውም በግልጽ ስለሚነገርና ምክንያቱ ለሁሉም ሰው ስለሚገባ ነው። በግንቦት 2011 የግልገል ጊቤ ሦስት ውኃ ቀንሶ አገሩ ፈረቃ ውስጥ ሲገባም ለጎረቤት አገሮች የሚሸጠው ኃይል ተቀንሶ ነበር። ይህም ፍርድ ነው፦ ከሽያጭ በፊት ቤት።

እስከዚህ ያለው ቀላሉ ነው፤ የሚያጣላው ዋጋው ነው።

የኩዌት ዜጋ በገዛ ቤቱ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፍለው 2 ፊልስ ነው። ዋጋው ከ1966 ጀምሮ አልተነካም። ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ቆጣሪው የሚቆጥረው ነገር ነው፤ አሥር ባለ 100 ዋት አምፖል ለአንድ ሰዓት ቢበራ አንድ ይቆጥራል። አገር ቤት ደግሞ በወር ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት በታች የሚጠቀም ቤት ለረጅም ዓመታት ለአንዱ 27 ሳንቲም ገደማ ይከፍል ነበር። በታኅሣሥ 2011 ሌላው ሰው ሲጨመርበት እንኳ ይኸኛው አልተነካም፤ የድሃ ዋጋ ነው ስለተባለ። በመስከረም 2017 ግን በየሦስት ወሩ የሚጨምር፣ ለአራት ዓመት የሚዘልቅ አዲስ ታሪፍ ጀምሯል፤ ለአነስተኛ ተጠቃሚ ድጎማ ተተውቶለት። ያ የድሃ ዋጋ ያለበት 50 ኪሎ ዋት ሰዓት እዚህ ቢሆን 100 ፊልስ ነው። አንድ መካከለኛ ሙከየፍ ሳያቋርጥ ከሠራ በቀን ተኩል ይጨርሰዋል። ቁጥሩን ስታዪው ያማል፣ አይደል?

እኔ ግን ለረጅም ጊዜ «ርካሽ ነው፣ ስለዚህ ለድሃ ጥሩ ነው» ብዬ ነበር የማስበው፤ ቤተሰቦቼም እንደዚያው ያስባሉ። ቁጭ ብዬ ሳስበው ርካሹ ዋጋ የሚደርሰው ሽቦ ለደረሰው ሰው ብቻ ነው። ከኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ መብራት የለውም። ያ ሰው በ27 ሳንቲም አይጠቀምም፤ ላምባና ሻማ፣ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ነው የሚገዛው፣ በውድ። መብራት ከወጪው በታች ሲሸጥ ጉድለቱን አንድ ሰው መክፈል አለበት። ኩዌት ጉድለቱን በነዳጅ ገንዘብ ትሸፍነዋለች። እኛ ነዳጅ የለንም፤ የእኛን ጉድለት የሚከፍለው ገና ሳይዘረጋ የቀረው መስመር ነው። ይህ ማለት ደሴ ከተማ ያለው የእኛ ቤት ርካሽ መብራት የከፈለለት ሰው አለ፣ እሱም ከተራራው ማዶ በኩራዝ የሚያመሸው ገበሬ ነው። ሂሳቡ ላይ ስሙ ስላልተጻፈ ነው የማናውቀው።

ታዲያ ዋጋ መጨመር ጽድቅ ነው? እንዲያም አላልኩም። ዋጋ ሲጨመር ደግሞ በማን ላይ ይጨመራል የሚለው ይመጣል፣ ለዚህም ኩዌት ጥሩ ትምህርት ሰጥታኛለች። በ2016 ነዳጅ ዋጋው ወርዶ መንግሥት ገንዘብ ሲያንሰው የመብራትና የውኃ ዋጋ የሚጨምር ሕግ ለፓርላማው አቀረበ። የሕዝብ ተወካዮቹ ተከራክረው የዜጎችን የግል ቤት ከሕጉ አወጡት። አፓርታማው ግን አልወጣም፤ በ2017 ወደ 5 ፊልስ ገባ። አፓርታማ ውስጥ የሚኖረው ማነው? ሳልሚያን፣ ሐወሊን፣ ፈርዋኒያን፣ ማህቡላን የምታውቅ ትመልሰዋለች። ይህን የምለው አገሩን ለመውቀስ አይደለም፤ 5 ፊልስም ቢሆን ከወጪው በጣም ያነሰ ነው፣ ድጎማው ለስደተኛውም ይደርሳል። የምለው ሌላ ነው፦ ዋጋው የቆመው ተናጋሪ ባለው ቤት በር ላይ ነው፤ የገባው ተናጋሪ ወደሌለው ቤት ነው። ማንም ክፉ መሆን አላስፈለገውም። ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ደግሞ የውጭ ዜጋ ከአገር ከመውጣቱ በፊት ያለበትን የመብራት ዕዳ እንዲከፍል ተደርጓል። በራሳችሁ ስም ቤት የተከራያችሁ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን እወቁ።

እኛ የቤት ሠራተኞች መሐል ላይ ነን። የምንተኛው በ2 ፊልስ ቤት ውስጥ ነው። ማብሪያ ማጥፊያውን በቀን ከማንም በላይ የምንነካው እኛ ነን፤ ቢሉን ግን አይተነው አናውቅም።

ያው ጁን ወር 2024 ሌላም ነገር ይዞ ነበር። ዝርዝሩ ከመውጣቱ አንድ ሳምንት በፊት፣ ጁን 12 ንጋት ላይ፣ መንገፍ ውስጥ ሠራተኞች የሚኖሩበት ሕንጻ ተቃጥሎ ወደ 50 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ሕንዶች ነበሩ። የእሳት አደጋ ባለሥልጣኖች ምክንያቱ ምድር ቤት የጥበቃ ክፍል ውስጥ የተነሳ የኤሌክትሪክ ኮንታክት ነው አሉ። ብዙ ሰው አንድ ቤት ታጭቆ ማደሩም ተነሳ። መብራትን ማስተዳደር ሲባል ዋጋ ማውጣት ብቻ የሚመስላት ካለች እዚህ ጋ ትቁም። ሽቦውን ማን አየው? ስንት ሰው ላደረበት ሕንጻ ስንት መስመር ተፈቀደ? ይህን የሚጠይቅ ሰው መኖሩም የመብራት አስተዳደር ነው። ደንብ ያፈረሰ ሕንጻ ሲገኝ ከሚሰጡት ቅጣቶች አንዱ ደግሞ መብራቱን መቁረጥ ነው። ዓላማው ይገባኛል። ግን ደንቡን ያፈረሰው ባለ ሕንጻው፣ የሚጨልምበት ተከራዩ ሲሆን ፍርዱ ቦታውን ስቷል እላለሁ። (ባለ ሕንጻው ሌላ ቤት አለው።)

እንግዲህ ዳኛው ማነው ወዳልኩት ልመለስ። እዚህ አገር ከግል ኩባንያ ጋር የተሠራውን የአዝዙር ሰሜን ጣቢያ ካልቆጠርነው ሚኒስቴሩ ያመነጫል፣ ያስተላልፋል፣ ይሸጣል፣ ሥራውንም ራሱ ይቆጣጠራል። አገር ቤትም እንደዚህ ነበር። በ1948 የተቋቋመው የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ሁሉንም ነገር ነበር፤ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» የሚለው ከዚያ የቀረ ስም ነው። በ1989 ሥራውን የሚሠራው ኮርፖሬሽን ሆነ፣ የሚቆጣጠር ኤጀንሲም ለብቻው ተቋቋመ። በ2006 ኮርፖሬሽኑ ለሁለት ተከፈለ፦ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ግድቦቹንና ትልልቆቹን መስመሮች ያዘ፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ወደ ቤት የሚገባውን ሽቦ፣ ቆጣሪውንና ቢሉን ያዘ። ተቆጣጣሪው ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ይባላል። ሻጮቹ ዋጋ ይጨመርልን ሲሉ ባለሥልጣኑ ያጠናል፣ የሚያጸድቀው ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። አመንጪውም የመንግሥት፣ ሻጩም የመንግሥት፣ ተቆጣጣሪውም የመንግሥት፣ የመጨረሻው ፈራጅም መንግሥት።

አንዳንዱ «ታዲያ ምን ችግር አለው? መንግሥት እኮ አያተርፍም» ይላል። የቤት ሠራተኛ እንዲህ ስትል ግን እገረማለሁ። ደሞዝ የሚከፍልሽ፣ ጥፋትሽን የሚመረምር፣ ቅጣትሽን የሚወስን፣ ፓስፖርትሽን የሚይዝ አንድ ሰው ሲሆን ምን እንደሚመስል ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰውየው ደግ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ደግ አሠሪዎች አሉ። ደግነቱ ግን መብት አይሆንልሽም፣ ነገ ሊቀየር ይችላል። ለዚህ እኮ ነው በ2015 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 ትልቅ ነገር የሆነው፤ ከቤቱ ውጪ አቤት የሚባልበት ቦታ አለ ብሎ ስለጻፈ። በተግባር ምን ያህል እንደሚሠራ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። መብራትም ያው ነው። «ለምን እኛ ሰፈር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ የሚያገኘው ከቆራጩ ራሱ ከሆነ የሚያገኘው ማብራሪያ ነው፤ ፍርድ አይደለም።

የሕዳሴውን ግድብ ሳላነሳ ባልፍ እህቶቼ አይለቁኝም። መጋቢት 24 ቀን 2003 መሠረቱ ሲጣል ብዙዎቻችን ልጆች ነበርን። ከእኛ በፊት የመጡት እዚሁ ኩዌት ከወር ደሞዛቸው እየቆጠቡ ቦንድ ገዝተዋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋ ዋት። እኔም ያን ቀን ወጥ ቤት ተደብቄ በስልክ አይቼ አልቅሻለሁ። ግን «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት ገና አልሞተም። ትልቁ መስመር በአክስቴ አገር ላይ ያልፋል፤ ከሱ በቀጥታ አምፖል ማብራት አይቻልም፣ ኃይሉን የሚያወርድ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶ፣ ሽቦ፣ ቆጣሪ ያስፈልጋል። እስከዚያ ድረስ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው።

«ገንዘቤን ከፍያለሁ፣ ስለዚህ መጀመሪያ ለእናቴ ቤት» ማለት ይቻላል? አይመስለኝም። ቦንድ ብድር ነው፤ ከነወለዱ ይመለስልሻል እንጂ ወረፋ አያስቀድምሽም። ያላዋጣው ገበሬ ኩራዙ ከእኛ ይበልጣል። ኃይል ለጅቡቲ፣ ለሱዳን፣ ከ2022 ጀምሮም ለኬንያ መሸጡ፣ ቢትኮይን ለሚያመርቱ ኮምፒውተሮች በዶላር መሸጡስ? ብዙ እህቶች በዚህ ይናደዳሉ። እኔ ብዙም አልናደድም። መብራት እንደ ጤፍ ጎተራ ውስጥ አይቀመጥም፤ በክረምት ግድቡ ሞልቶ የሚፈስ ውኃ ካልተሸጠ ለማንም አልሆነም፤ ሽቦ የሚገዛውም በዶላር ነው። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በዚህ ዓመት በዶላር የተሸጠው ኃይል በዚህ ወረዳ ይህን ያህል ምሰሶ ሆነ ተብሎ ይነገረን፣ ይቆጠር፣ የሚቆጥረውም ሻጩ ራሱ አይሁን። ያንን የማናይ ከሆነ ሽያጩ ትክክል መሆኑን ማንም ሊያሳምነኝ አይችልም፤ ስህተት ነው ብዬ መማልም አልችልም።

ይህ ሁሉ ትልቅ ነገር የእኛ ግቢ ውስጥ በትንሹ አለ። ደሴ እናቴ ባለችበት ግቢ አንድ ቆጣሪ፣ አራት ቤት ነው። ቆጣሪው በእናቴ ስም ነው። አንዱ ክፍል ሁለት ተማሪዎች፣ አንዱ ጡረታ የወጡ ጋሼ፣ አንዱ ደግሞ እንጀራ እየጋገረች ልጅ የምታሳድግ ሴት። ያ የድሃ ዋጋ የተሰጠው ለቤተሰብ ሳይሆን ለቆጣሪ ነው። አራት ድሃ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም 50ን ያልፋል፣ 100ን ያልፋል፣ እያለፈ በሄደ ቁጥር ዋጋው ይወጣል፤ ወረቀቱ ላይ አራቱ ድሆች አንድ ሀብታም ሆነው ይታያሉ። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ድሃን ሊጠቅም አስቦ እንደሆነ አልጠራጠርም። ግን ቆጣሪ መጋራት ምን እንደሆነ የሚነግረው ሰው ስብሰባው ላይ አልነበረም።

ሂሳቡን የምታካፍለው እናቴ ናት። አመንጪ አይደለችም እንጂ ሻጭም ዳኛም ናት። ድሮ በአምፖል ቁጥር ነበር የምታካፍለው። አሁን ምጣዱ መጣ። ምጣድ ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ በዘመኑ ቆጣቢ አምፖል ብትቆጥሪው ከሦስት መቶ አምፖል በላይ ነው። ታሪፉ ሲጨምር ጋሼ «የምትጠቀም ትክፈል» አሉ፣ ልክ ናቸው። ጋጋሪዋ «እንጀራዬ ላይ ብጨምር የሚገዛኝ የለም፣ ምጣዱን ከተዋችሁብኝ ልጄን ምን ላበላት?» አለች፣ እሷም ልክ ናት። ተማሪዎቹ ዝም አሉ፤ ካውያ ስላላቸው ይመስለኛል። እናቴ ደውላ «አንቺ ኩዌት ነሽ፣ ምን ትያለሽ?» አለችኝ። ኩዌት መሆኔ ምን እንደሚጨምር እንጃ።

እኔ ያልኳት ይኼ ነው፦ «እማዬ፣ ቢሉን በር ላይ ለጥፊው። ሁሉም ያንብበው። የምጣዱን ድርሻ ደግሞ አንቺ አትወስኚ፣ የአንቺ ቤትም ከአራቱ አንዱ ነው፤ ከግቢው ውጪ የሆነ ሰው ይወስን።» የሰፈሩን የእድር ዳኛ ጠሩ። እሳቸውም ለአንድ ወር ምጣዱ የሚሠራበትን ሰዓት ልጅቷ ደብተር ላይ እንድትጽፍ፣ በወሩ መጨረሻ የምጣዱ ሂሳብ ተለይቶ ግማሹን ጋጋሪዋ ብቻዋን፣ ግማሹን አራቱም ቤት እንዲከፍሉ ፈረዱ። ጋሼ አኩርፈዋል። «ግማሹ ከየት የመጣ ነው?» ይላሉ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም መልሱን አላውቀውም። ግን ሲያኮርፉም የሚከራከሩት ከዳኛው ጋር ነው፤ ከእናቴ ጋር ቡና ይጠጣሉ።

ሂሳቡ በየሦስት ወሩ ስለሚቀየር ዳኛው ተመልሰው ይመጣሉ። ጋጋሪዋም የራሷን ቆጣሪ ለማስገባት እቁብ ገብታለች፤ ዕጣዋ ገና አልወጣም።